ለጠመንጃ ጥይት ባሩድ እንዴት ይመረጣል

ጥይት በእጅ ሲሞላ ቀለሃው ቢጸዳ፣ ፕራይመሩ (ሲመታ ባሩዱን የሚለኩሰው በቀለሃው ቂጥ ያለ ትንሽ ክፍል) በደንብ ቢቀመጥ፣ አረሩም (ከአፈሙዝ የሚወጣው ክፍል) ጥሩ ቢሆን፣ ባሩዱ ካልተስማማ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ለቀለሃው ከሚገባው በላይ ፈጥኖ የሚቃጠል ባሩድ ጠመንጃ ይሰብራል። ከልክ በላይ ዘገምተኛ የሆነው ደግሞ ተቃጥሎ ሳያልቅ ከአፈሙዝ ይወጣል፤ የአረሩም ፍጥነት ከተኩስ ተኩስ ይዋዥቃል። ስለዚህ የሚቀድመው ጥያቄ «የትኛው ባሩድ ነው ኃይለኛው?» የሚለው አይደለም። «ለዚህ ቀለሃና ለዚህ አረር ተፈትኖ ልኩ የታተመለት የትኛው ነው?» የሚለው ነው። ልኩ፣ ማለትም የሚሞላው የባሩድ መጠን፣ የሚገኘው በታተመ የሙሌት መጽሐፍ ሰንጠረዥ ላይ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ጭስ አልባ ባሩድን ይመለከታል። ጥቁር ባሩድ አለካኩም አቃጠሉም ሌላ ስለሆነ የአንዱን ልክ ለሌላው ማዋል ፈጽሞ አይቻልም።

1. ከባሩዱ በፊት የሚታወቁትን በወረቀት ያስፍሩ

የጥይቱን ሙሉ ስም፣ የአረሩን ሠሪ፣ ዓይነትና ክብደት በግሬን (1 ግሬን 0.0648 ግራም ነው)፣ ጠመንጃው በእጅ የሚቀባበል ወይም በጋዝ የሚሠራ መሆኑን፣ እንዲሁም ጥይቱ የሚተኮስበትን የአየር ሙቀት ይጻፉ።

የአረሩ ክብደት ብቻውን አይበቃም። ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራ አረር በክብደት እኩያው ከሆነው፣ ውስጡ እርሳስ ካለው አረር ይረዝማል። ርዝመቱ ወደ ቀለሃው ጠልቆ እንዲቀመጥ ያደርገዋል፣ የባሩዱንም ቦታ ይሻማል፤ በበርሜሉ ውስጥ ሲያልፍ የሚያደርገው ሰበቃም ይለያል። ለአንዱ የታተመው ልክ ለሌላው ከፍተኛውን ግፊት ሊያሳልፍ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የበርሜሉ ርዝመት ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት ምርጫውን አይቀይርም። «አጭር በርሜል ፈጣን ባሩድ ይፈልጋል» ይባላል፤ በተግባር ሲለካ ግን በረጅሙ በርሜል ከፍተኛውን ፍጥነት የሰጠው ባሩድ አብዛኛውን ጊዜ በአጭሩም ይመራል። አብዛኛው ባሩድ የሚቃጠለው አረሩ ከቀለሃው ተነሥቶ ገና ጥቂት ሲጓዝ ነው፤ የቀረው ርዝመት ጋዙ የሚስፋፋበት ነው። አጭር በርሜል የሚያመጣው የፍጥነት መቀነስን፣ ትልቅ ነበልባልንና ከባድ ድምፅን ነው።

2. የመቃጠል ፍጥነቱን ከቀለሃውና ከአረሩ ጋር ያዛምዱ

ባሩድ ሲቃጠል ግፊት ይፈጥራል፤ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ባሩዱ የባሰ ይፈጥናል። ይህን እሽክርክሪት የሚያለዝበው የአረሩ ወደፊት መሄድ ነው፤ አረሩ ሲጓዝ ለጋዙ ቦታ ይከፈታል። ቀላል አረር ቶሎ ስለሚነሣ ቦታው ቶሎ ይሰፋል፤ ግፊቱን ጠብቆ ለማቆየት ፈጠን ያለ ባሩድ ይስማማዋል። ከባድ አረር ግን ለመነሣት ይዘገያል፤ ፈጣን ባሩድ ከተደረገለት አረሩ ሳይርቅ ግፊቱ ጣሪያ ይነካል። ቀለሃው ከበርሜሉ ቀዳዳ አንጻር ትልቅ ሲሆንም ነገሩ እንደዚሁ ነው፦ ብዙ ባሩድ በጠባብ ቀዳዳ ሊወጣ ስለሆነ ዘገም ያለው ይፈለጋል።

ከዚህ በመነሣት ከብዙ ዓመት ልምድ የጸኑ የጥይትና የባሩድ ጥንዶች አሉ፦

ለ.223 ሬሚንግተን፣ 50 እስከ 55 ግሬን አረር፦ ኤች 335፣ ቪታቩሪ ኤን 133፣ ሲኤፍኢ 223። አረሩ ወደ 69 እና 77 ግሬን ሲከብድ ቫርጌት ወይም ኤን 140።

ለ.308 ዊንቸስተር፣ 150 እስከ 175 ግሬን፦ አይኤምአር 4064፣ ቫርጌት፣ ኤች 4895፣ ሪሎደር 15፣ ኤን 140።

ለ6.5 ክሪድሙር፣ 140 ግሬን አካባቢ፦ ኤች 4350 ወይም ሪሎደር 16። ለ.30-06 ስፕሪንግፊልድ ከ165 እስከ 180 ግሬን ደግሞ የ4350 ቤተሰብ፤ በ150 ግሬን ወደ 4064 እና 4895 መውረድ ይቻላል።

ለ.270 ዊንቸስተር ኤች 4831 ከድሮ ጀምሮ ተመራጭ ነው። ለ7 ሚሊ ሜትር ሬሚንግተን ማግነም እና ለ.300 ዊንቸስተር ማግነም በከባድ አረር ሪሎደር 22፣ ኤች 4831 እና ኤች 1000።

ባሩዶችን ከፈጣኑ እስከ ዘገምተኛው በተርታ የሚያስቀምጠው ሰንጠረዥ እጩዎችን ለማጥበብ ይረዳል፤ ጥቅሙ ግን እዚያ ላይ ያበቃል። የሚያሳየው ቅደም ተከተልን ብቻ ነው። በ20ኛውና በ21ኛው መካከል ያለው ልዩነት ኢምንት፣ በ21ኛውና በ22ኛው መካከል ያለው ግን ሰፊ ሊሆን ይችላል። ከዚያም በላይ አንዱ ባሩድ በትንሽ ቀለሃ ከሌላው ፈጥኖ በትልቁ ሊዘገይ ይችላል። «ከጎኑ ስለተቀመጠ በዚያው ልክ ልሙላው» የሚል ሐሳብ ጠመንጃን ብቻ ሳይሆን ዓይንንም ያሳጣል።

3. የስም መመሳሰልን ይጠንቀቁ

ይህ የልምድ ብዛት የማያድንበት ስህተት ነው። አይኤምአር 4831 እና ኤች 4831 በቁጥር አንድ ናቸው፤ ባሩዶቹ ግን ሁለት ናቸው፤ አይኤምአሩ ፈጣን ነው። ለኤች 4831 የታተመውን ከፍተኛ ልክ በአይኤምአር 4831 መሙላት ከገደብ በላይ ግፊት ያመጣል። በአይኤምአር 4350 እና በኤች 4350፣ በአይኤምአር 4895 እና በኤች 4895 መካከልም ልዩነት አለ። በተቃራኒው ኤች 4831 ኤስሲ ከኤች 4831 የሚለየው ቅንጣቱ አጠር ተደርጎ በመቆረጡ ብቻ ነው፤ የሁለቱ ልክ አንድ ነው። ኤች 110 እና ደብልዩ 296ም በሁለት ስም የሚሸጡ አንድ ባሩድ ናቸው።

ጣሳውን ሲያነሡ ስሙን ከፊደሉ ጀምሮ ያንብቡ፤ ቁጥሩን ብቻ አይዩ። የሙሌት መጽሐፉ ላይ ካለው መስመር ጋር ፊደል በፊደል ካልገጠመ ያ ልክ የእርስዎ አይደለም።

4. የቅንጣቱን ቅርጽ ያስቡበት

የጠመንጃ ባሩድ በብዛት በሁለት ቅርጽ ይመጣል። አንደኛው እንደ አጭር ዘንግ የተቆረጠው ነው፤ ቫርጌት፣ 4064፣ 4350 እና የቪታቩሪ ኤን ተርታ የዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው ድቡልቡሉ ነው፤ ኤች 335 እና ሲኤፍኢ 223 ከዚህ ይመደባሉ።

ድቡልቡሉ በመስፈሪያ ውስጥ እንደ ደቃቅ አሸዋ ይፈስሳል፤ በእያንዳንዱ ምት የሚወርደው ልዩነት ከ0.1 ግሬን ብዙም አያልፍም። በርካታ ጥይት በአንድ ቁጭታ የሚሞላ ሰው ይህን ይወደዋል። ረጅም ቅንጣት ያለው እንደ አይኤምአር 4064 ያለ ባሩድ ግን በመስፈሪያው ተሽከርካሪ አፍ ላይ ይሰነቀራል። እጀታው ሲዞር ቅርጭ የሚል ስሜት በእጅ ላይ ይሰማል፤ ያ ቅንጣቱ ሲቆረጥ ነው። አንዳንዴ ከቀለሃው አፍ ላይ ድልድይ ሠርቶ ይቀርና አንዱ ጥይት ጎድሎ የሚቀጥለው ሞልቶ ይፈስሳል። መፍትሔው መስፈሪያውን ከሚፈለገው 0.3 ግሬን ያህል አሳንሶ ማስተካከልና የቀረውን በሚዛን ላይ እያንጠባጠቡ መሙላት ነው።

ዘንግ መሰሉ ይህን ሁሉ ልፋት የሚያካክሰው በሌላ በኩል ነው፤ በሙቀት ለውጥ የማይናወጡት ታዋቂ ባሩዶች አብዛኞቹ ከዚህ ወገን ናቸው። ድቡልቡሉ በበኩሉ በወፍራም መከላከያ ሽፋን ስለሚለበስ ለመቀጣጠል ይከብዳል፤ በብርድ ጊዜ ይበልጡን። ለዚህ ነው የሙሌት ሰንጠረዦች ለድቡልቡሉ ባሩድ ብዙ ጊዜ የማግነም (ነበልባሉ ጠንከር ያለ) ፕራይመር የሚያዙት።

የኬሚካሉም ነገር አለ። ከናይትሮሴሉሎስ ብቻ የተሠራ ባሩድ አለ፤ ናይትሮግሊሰሪን የተጨመረበትም አለ። ሁለተኛው በእኩል ክብደት የበለጠ ኃይል ይሰጣል፤ ትኩስ ስለሆነ ግን የበርሜሉን ጉሮሮ ቶሎ ይበላል። በአንድ ቀን ብዙ የሚተኩስ ሰው ይህን ከግምት ያስገባ፤ በዓመት ጥቂት ጥይት ለሚተኩስ አዳኝ ብዙም አያሳስብም።

5. የሙሌት ሰንጠረዡን ከፍጥነት ዓምድ ባሻገር ያንብቡ

እዚህ ላይ ጊዜ መውሰድ ይገባል። ለአንድ አረር የተዘረዘሩትን ባሩዶች ሁሉ በአንድ ገጽ ይያዙና አራት ነገር ያነጻጽሩ፦ ከፍተኛው ፍጥነት፣ በዚያ ፍጥነት የተለካው ግፊት፣ ባሩዱ ቀለሃውን የሚሞላበት መጠን፣ እና በመነሻና በከፍተኛ ልክ መካከል ያለው ስፋት።

ለማስረዳት ያህል ሦስት ባሩዶች እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ የሙሌት ልክ አይደሉም። «ሀ» ቀለሃውን 82 በመቶ ሞልቶ 820 ሜትር በሰከንድ ይሰጣል። «ለ» 98 በመቶ ሞልቶ 835 ይሰጣል። «ሐ» 106 በመቶ ይደርሳል፤ ማለትም አረሩ ሲገባ ባሩዱ ይታመቃል፤ የሚሰጠው ግን 815 ነው። እዚህ ላይ ምርጫው «ለ» ነው። «ሐ» ዘገምተኛ ስለሆነ ቀለሃው ሞልቶም አቅሙ አይወጣም፤ ሲታመቅም አረሩን ወደ ውጭ ይገፋና የጥይቱን ርዝመት ያዛባል። «ሀ» ግፊቱን ቶሎ ይጨርሳል፤ ባዶ የቀረው ቦታም ጠመንጃው ወደ ታች ሲያዘነብልና ወደ ላይ ሲያቀና ባሩዱን ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሰዋል፤ አቀጣጠሉም ይለዋወጣል።

ለጠመንጃ ከ90 እስከ 100 በመቶ የሚሞላ ባሩድ መልካም ነው። በቤት ለማየት፣ ተተኩሶ ፕራይመሩ ያልወጣለት ቀለሃ ይውሰዱና የሚፈልጉትን ልክ ይጨምሩበት። ባሩዱ እስከ አንገቱ ሥር ከደረሰ በጥሩው ክልል ነው። ሲያበቁ ባሩዱን ወደ ጣሳው መመለስ እንዳይረሳ።

ቀለሃውን የሚሞላ ባሩድ ለደኅንነትም ይበጃል፦ በስህተት ሁለት ጊዜ ቢሞላ ይፈስሳል፤ ወዲያው ይታያል። ለሽጉጥ የተሠራ ፈጣን ባሩድ በጠመንጃ ቀለሃ ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ እንዲያውም ሦስት ጊዜ ቢገባ አፉ ድረስ አይታይም። ጀማሪ ሰው ቀላል ጥይት ፍለጋ ወደ ሽጉጥ ባሩድ አይሂድ። ረገብ ያለ ጥይት ሲያስፈልግ የተሻለው መንገድ ኤች 4895 ነው፤ የባሩዱ አቅራቢ ሆጅደን ለዚህ ባሩድ ከታተመው ከፍተኛ ልክ እስከ 60 በመቶ መውረድ እንደሚቻል ይገልጻል። ከፍተኛው 45 ግሬን ከሆነ መነሻው 27 ይሆናል ማለት ነው። ይህ ግን ኤች 4895 ለዚያ ጥይት በሰንጠረዡ ላይ ሲኖር ብቻ ነው።

ሌላውን ባሩድ በዚሁ መንገድ ማሳነስ አደገኛ ነው። ዘገምተኛ ባሩድ በትልቅ ቀለሃ ውስጥ ሲያንስ ሊዘገይ፣ አረሩን በርሜል ውስጥ ሊተወው፣ ወይም ባልተጠበቀ ሁኔታ ግፊቱ ሊንር ይችላል። በትንንሽ ቀለሃዎች የሚያገለግለው ኤች 110 ከታተመው ልክ ከ3 በመቶ በላይ እንዳይቀነስ ይታዘዛል።

6. ሙቀትን አስቀድመው ያስቡ

በቀዝቃዛ ማለዳ እስከ ጣሪያው ተሞልቶ የተፈተነ ጥይት በጠራራ ፀሐይ ወይም በጋለ መኪና ውስጥ ከቆየ በኋላ ግፊቱ ከገደብ ሊያልፍ ይችላል፤ አረሩ የሚያርፍበት ነጥብም ይቀየራል። ይህ ልዩነት በሁሉም ባሩድ አለ፤ መጠኑ ግን ይለያያል። ቫርጌት፣ ኤች 4350፣ ኤች 4831 እና ኤች 1000 ያሉበት የሆጅደን ኤክስትሪም ተርታ ሙቀትና ብርድ በእጅጉ እንዳይቀይሩት ተብሎ የተሠራ ነው። ሁለት ባሩዶች ለአረሩ የሚሰጡት ፍጥነት ልዩነቱ 15 ሜትር በሰከንድ ያህል ቢሆንና ያነሰ ፍጥነት የሚሰጠው በሙቀት የማይናወጥ ቢሆን፣ እሱን መውሰድ ይሻላል። በ300 ሜትር ላይ የሚጎዳው የፍጥነቱ ማነስ አይደለም፤ መዋዠቁ ነው።

7. በጋዝ ለሚሠራ ጠመንጃ

ኤም 1 ጋራንድን የመሰለ ጠመንጃ ከበርሜሉ ጫፍ አጠገብ ጋዝ ይወስዳል። ዘገምተኛ ባሩድ በዚያ ነጥብ ላይ ያለውን ግፊት ያበዛዋል፤ የማቀባበያው ዘንግም በኃይል ተመትቶ ይጣመማል። ለዚህ ጠመንጃ 4895 እና 4064 የሚስማሙ ሲሆኑ 4350ንና ከዚያ ዘገም ያሉትን መተው ያስፈልጋል። በቀለሃው ውስጥ ያለው ግፊት ከገደብ በታች መሆኑ እዚህ መተማመኛ አይሆንም። ለጋራንድ ተብሎ ለብቻው የታተመውን ሰንጠረዥ ይጠቀሙ።

8. ሲገዙ

ፓውንዱ 7,000 ግሬን ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 25 ግሬን የሚወስድ ጥይት ከአንድ ፓውንድ 280 ይወጣዋል፤ 44 ግሬን የሚወስደው 159፤ 70 ግሬን የሚወስደው 100 ብቻ። መጀመሪያ አንድ ፓውንድ ገዝተው ይፈትኑ። ሲስማማዎት ተመሳሳይ የምርት ቁጥር ያለውን በብዛት ይግዙ። በጣሳው ላይ የታተመው ይህ ቁጥር ከተቀየረ ባሩዱም በጥቂቱ ሊቀየር ስለሚችል፣ አዲሱን ከታች ጀምሮ እንደገና መፈተን ያስፈልጋል። ክዳኑ የተከፈተ፣ ስሙ የጠፋ ወይም በሌላ ዕቃ የተገለበጠ ባሩድ በነጻ ቢሰጥም አይውሰዱ። ባሩድን በዓይን ለይቶ የሚያውቅ ሰው የለም፤ በቀለምም በቅርጽም የሚመሳሰሉ ባሩዶች ብዙ ናቸው።

9. ከታች ተነሥቶ መፈተን

በጠረጴዛው ላይ አንድ የባሩድ ጣሳ ብቻ ይኑር። ሚዛኑን ክብደቱ በታወቀ መፈተኛ ያስተካክሉ፤ የአየር ማራገቢያና ንፋስ ይራቅ፤ በ0.1 ግሬን የሚለካ ሚዛን በትንሽ ነፋስ ይስታል።

ሰንጠረዡ መነሻ ልክ ካለው ከዚያ ይጀምሩ። ከፍተኛውን ብቻ ካስቀመጠ 10 በመቶ ይቀንሱለት። መነሻው 41 ከፍተኛው 45 ቢሆን፣ 41.0፣ 41.5፣ 42.0 እያሉ ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ጥይት ይሙሉና በየቀለሃው ላይ ልኩን ይጻፉ። እንደ .223 ባለ ትንሽ ቀለሃ ግን 0.5 ግሬን ትልቅ እርምጃ ነው፤ በ0.2 ይሂዱ። ፕራይመር፣ አረር ወይም የቀለሃ ሠሪ ከቀየሩ እንደገና ከመነሻው ይጀምራል።

ሲተኩሱ ከዝቅተኛው ጀምረው በየተኩሱ ፍጥነቱን በክሮኖግራፍ ይለኩ። ክሮኖግራፉ ከሁሉ የሚበልጥ ምስክር ነው፦ በተመሳሳይ የበርሜል ርዝመት የሰንጠረዡን ከፍተኛ ፍጥነት ከደረሱ ግፊቱንም ደርሰዋል፤ ልኩ ገና 2 ግሬን ቢቀረውም እዚያ ላይ ማቆም ነው። ፕራይመሩ ጠፍጣፋ ከሆነ፣ በቀለሃው ቂጥ ላይ የሚያብረቀርቅ የማስወጫ ምልክት ከታተመ፣ ወይም ጠመንጃው ለመፈልቀቅ እንቢ ካለ ወዲያው ያቁሙ። የ.308 ዊንቸስተር የግፊት ገደብ 62,000፣ የ.30-06 ደግሞ 60,000 ፓውንድ በስኩዌር ኢንች ነው። እነዚህ ምልክቶች ብዙ ጊዜ የሚታዩት ያ ገደብ ካለፈ በኋላ ነው፤ አለመታየታቸው «ገና ቦታ አለ» ማለት አይደለም።

ጥይቶቹ በዒላማው ላይ ምን ያህል ተቀራርበው እንዳረፉ ሲመረምሩ የነጠላ ልኮችን ውጤት ሳይሆን ጎን ለጎን ያሉትን ያስተያዩ። በ43.0፣ በ43.5 እና በ44.0 ጥይቶቹ ወደ አንድ ቦታ ካረፉ፣ ባሩዱ ለዚያ ጠመንጃ ተስማምቷል፤ መካከለኛውን ይያዙ። በአንድ ልክ ብቻ ቆንጆ ሆኖ በ0.3 ግሬን ልዩነት የሚበታተን ከሆነ፣ ልኩን ከማባበል ባሩዱን መቀየር ይቀላል።

10. አቀማመጥ

ሥራው ሲያልቅ መስፈሪያው ውስጥ የቀረውን ባሩድ ወደ ራሱ ጣሳ ይመልሱ። እዚያው ካደረ ስሙ ይረሳል፤ ናይትሮግሊሰሪን ያለበት ደግሞ የመስፈሪያውን ፕላስቲክ ያደበዝዛል፣ ይበላልም። ሁለት ባሩድ አይቀላቀልም፤ ሳይታወቅ ከተቀላቀለ ይጣላል። ጣሳው ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ፣ ከፀሐይና ከእሳት ርቆ፣ ልጆች በማይደርሱበት ይቀመጥ። በጠንካራ የታሸገ የብረት ሣጥን ውስጥ መቆለፍ ግን ስህተት ነው፤ እሳት ቢነሣ ባሩዱ በስስ ጣሳ ውስጥ ይቃጠላል እንጂ አይፈነዳም፣ በታመቀ ብረት ውስጥ ግን ቦምብ ይሆናል።

በየጊዜው ክዳኑን ከፍተው ያሽትቱ። ደህና ባሩድ የኤተር ወይም የአልኮል ዓይነት ለስላሳ ሽታ አለው። አፍንጫ የሚቆረቁር ኮምጣጣ ሽታ ከመጣ፣ ወይም ቅንጣቱ ላይ ቀይ ቡናማ ብናኝ ከታየ ባሩዱ እየበሰበሰ ነው፤ ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥልም ይችላል። ከቤት አውጥተው በገላጣ ሜዳ ላይ ስስ አድርገው ይበትኑት።